ስቴም ሴል ለሽንት ፊኛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪሞች መልስ

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሳስነጥስም ስስቅም ሽንት ያመልጠኛል። ከጭን ጡንቻ በሚወሰድ ስቴም ሴል (ተባዝቶ አዲስ ሥጋ መሥራት በሚችል መነሻ ህዋስ) ይድናል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሰሙት መሠረት አለው፤ ግን ገና ምርምር ላይ ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንኳ ለሽንት ፊኛ ችግር የፈቀደው የስቴም ሴል ሕክምና የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭንዎን አደንዝዘው በመርፌ ትንሽ የጡንቻ ቁራጭ ይወስዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ጡንቻ መሥራት የሚችሉት ህዋሳት ተለይተው ለሳምንታት ይባዛሉ። ከዚያ የሽንት ቱቦውን ከብቦ በሚዘጋው ጡንቻ ውስጥ ይወጋሉ። መጠኑን ለመለየት በተደረገ ጥናት ከ10 ሚሊዮን እስከ 200 ሚሊዮን ህዋስ ተሞክሯል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያ ጡንቻ ስስ ቀለበት ስለሆነ መርፌው ጥቂት ካለፈ ህዋሱ ውጭ ይቀራል። በትክክል የገባውም ቢሆን ደም የሚያደርስለት ሥር ገና ስለሌለው ብዙው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሞታል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ውጤቱን መለካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ ግማሽ መንገድ አልፈው 150 ሴቶች ከገቡ በኋላ ምዝገባው ቆመ። ህዋስ የሌለበት ፈሳሽ የተወጉትም ሴቶች እጅግ ተሻሽለው ስለነበር ሁለቱን ቡድን መለየት አልተቻለም። ሽንት ስንት ጊዜ እንዳመለጣት በየቀኑ የምትመዘግብ ሴት ሳታስበው አጠጣጧንና ሽንት ቤት የምትሄድበትን ሰዓት ታስተካክላለች። ስለዚህ «ተወግቼ ዳንኩ» የሚል ምስክርነት፣ ተናጋሪው እውነተኛ ቢሆንም፣ ህዋሱ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ወጥቶ ላንሴት መጽሔት ላይ የታተመው አስደናቂ ውጤትም በሥነ ምግባር ፈቃድና በታካሚዎች ስምምነት ጉድለት ምክንያት በ2008 ከመጽሔቱ ተሰርዟል።

እርስዎ ዛሬ መጀመር ያለብዎት የዳሌ ወለል ጡንቻን በማሠልጠን ነው። ሽንትና ፈስ አንድ ላይ እንደሚይዙ አድርገው ወደ ላይ ይጨብጡ፤ ትንፋሽዎን አይያዙ፣ መቀመጫዎንም አይጨብጡ። በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8 ጭበጣ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ብዙ ሴቶች ሳያውቁት ወደ ታች ስለሚገፉ፣ በትክክል መሥራትዎን አንድ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት ይይልዎት። ካልረዳዎት ቱቦውን ከሥር የሚደግፍ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱ ከስቴም ሴል ይልቅ በብዙ ታካሚ ላይ የተፈተነ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ስፓይና ባይፊዳ (የጀርባ አጥንት ሳይገጥም መወለድ) አለበት፤ ፊኛው ጠንካራና ጠባብ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራ ፊኛ ይገጠምለት ይሆን?

መልስ፦ ለጊዜው አይገጠምም። እ.ኤ.አ. በ2006 የ7 ሕሙማን ውጤት ሲወጣ ዓለም ሁሉ አውርቶለታል። ሐኪሞቹ የተጠቀሙት በጥብቅ አነጋገር ስቴም ሴል አልነበረም፤ ከልጆቹ የራሳቸው ፊኛ የተወሰዱ የጡንቻና የውስጥ ሽፋን ህዋሳት ናቸው። እነሱን በሚሟሟ ቅርጽ ላይ ዘርተው፣ ለሳምንታት አሳድገው፣ ከፊኛው ጋር ሰፏቸው። የተሻለ የሠራው የደም ሥር ባለው የሆድ ሞራ የተጠቀለለው ነበር። ከዚያ በ10 ልጆች ላይ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ሙከራ ግን የፊኛው መጠንም ሆነ የመለጠጥ አቅሙ አልተሻሻለም፤ የአንጀት መዘጋትና የፊኛ መቀደድም ደረሰ። የተተከለው ሥጋ ደም ቶሎ ካላገኘ ይኮማተራል። ነርቭ ካላዘዘው ደግሞ ፊኛ ሆኖ አይሠራም።

ልጅዎን ዛሬ የሚጠብቀው ኩላሊቱ እንዳይጎዳ የፊኛውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ነው። ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ በየ3 እና 4 ሰዓቱ፣ በንጹሕ ካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሽንቱን ማውጣት፤ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያለ ፊኛ የሚያላላ መድኃኒት መስጠት፤ ካልበቃ በአንጀት ቁራጭ ፊኛውን ማስፋት። የሰፋ ፊኛ ንፍጥና ጠጠር ስለሚሠራ ውስጡ አዘውትሮ መታጠብ አለበት።

ጥያቄ፦ ፊኛዬ ለዓመታት ያመኛል። አንድ ክሊኒክ ከራሴ ስብ ስቴም ሴል አውጥቶ በጉሉኮስ መስመር ሊሰጠኝ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ፤ ይህን ሳናመነታ ነው የምንልዎት። በደም ሥር የሚሰጥ የዚህ ዓይነት ህዋስ አብዛኛው ሳንባ ላይ ይቀራል፤ ፊኛዎ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለፊኛ ሕመም በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የደቡብ ኮሪያው ነው፤ 3 ሴቶች ናቸው የገቡበት፣ የተመረመረውም በቅድሚያ ደኅንነቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የታየ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ዘገባ፣ አሜሪካ ውስጥ ከስብ የተወሰደ ህዋስ ዓይናቸው ላይ የተወጉ 3 ሴቶች ዓይናቸው ክፉኛ ተጎድቷል።

ክሊኒኩን ይጠይቁት፦ የትኛው ህዋስ ነው? በአንድ መርፌ በሕይወት ያለው ስንት ነው? ባክቴሪያ እንደሌለበት ማን መረመረ? የሙከራው የምዝገባ ቁጥርና ያጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የታለ? ቁጥር ቢሰጡዎትም ምዝገባ ብቻውን ፈቃድ አይደለም፤ ትክክለኛ ሙከራ ደግሞ እንደ ደንቡ የሚሞክርብዎትን ህዋስ አያስከፍልም።

ገንዘብዎን ይልቅ ለሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለሚያይ ምርመራ) እና ለሲስቶስኮፒ (የፊኛን ውስጥ በቀጭን ካሜራ ለሚያሳይ ምርመራ) ያውሉት። በካሜራው የሃነር ቁስል የሚባለው ቀይ ምልክት ከተገኘ እዚያው ሊተኮስ ወይም ስቴሮይድ ሊወጋበት ይችላል፤ ሕመሙ ለወራት ጋብ ይላል፤ ሲመለስም ይደገማል።