ማንጎውን ለፍሬው ተወው

«ጋሼ፣ ቤቴ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ወረታ መስመር የምትሠራ ባለ 5ኤል የናፍጣ ሞተር አባዱላ አለችኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሞተሯ ያንኳኳል፤ ስትሞቅ የዘይት መብራቷ ይበራል። መካኒክ አይቶ ብሮንዚና ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ አለ። ለማውረድና መልሶ ለመግጠም ብቻ የተጠየቅሁት ሂሳብ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ከወንድሜ ጋር ግቢያችን ውስጥ ልናወርደው ነው። ትልቅ ማንጎ አለን፤ ቅርንጫፉ ሞተሩን ይችለዋል? ካልቻለ ከባህር ዛፍ ሦስት እግር እንሠራለን።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መኪናዋን ዛሬውኑ አቁማት። ብሮንዚና ማለት ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ልባስ ነው፤ እሱ ያለቀበት ሞተር በነዳኸው ቁጥር ክራንኩን እየበላ ነው የሚሄድ፤ ዛሬ በልክ ሞረዳ፣ ማለትም ክራንኩን በማሽን ፍቆ በማስተካከል፣ የሚድነው ነገ ሙሉ ሞተር ያስገዛሃል።

ማንጎው አይሆንም። ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) ብታነሳው ከ250 ኪሎ የማያንስ ብረት ነው፤ የማንጎ ቅርንጫፍ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ከግንዱ ይገነጠላል። ቢችለው እንኳ አይጠቅምህም። የአባዱላ ሞተር ወንበር ሥር ነው ያለው፤ እንደ ፒክአፕ ኮፈን ተከፍቶ ወደ ላይ አይሳብም። መሬት ላይ ይወርድና መኪናዋ ከላዩ ትነሳለች፤ ከዚያ በጎን ተጎትቶ ይወጣል። እኔ አንተን ብሆን ስለ ቅርንጫፉ ከማሰቤ በፊት መኪናዋ ምን ላይ ትቆማለች ብዬ ነበር የምጨነቀው።

ሽምብጥ ካልክ ሐይቁ ቅርብህ ነው። ግቢህ ሲሚንቶ ከሌለው በክረምት አትሞክረው። ዝናብ የጠጣ አፈር ላይ ክሪክ ሲቆም መኪናውን ያነሳ ይመስልሃል፤ እሱ ግን ወደ ታች እየሰመጠ ነው፣ ያውም በአንድ ጎኑ። መስከረም ወጥቶ መሬቱ ይድረቅ። ደርቆም ቢሆን ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ወይም ከጭነት መኪና የተረፈ ወፍራም ላሜራ አንጥፍ።

ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለማቆም አይደለም። የዘይት ክሪክ ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ካረጀ ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ ይወርዳል። ስለዚህ አሥር ሴንቲ ሜትር አንሳ፣ እንጨት አስገባ፣ ክሪኩን አላላ፣ መኪናዋ እንጨቱ ላይ ትረፍ፤ እንደገና አሥር ሴንቲ ሜትር። እንጨቶቹ አራት ማዕዘን የተጠረቡ ይሁኑ፤ ሁለቱን በቁመት፣ ሁለቱን በወርድ እያደረግህ ደርድር። የድርድሩ ከፍታ ከሥሩ ስፋት ሁለት እጥፍ አይብለጥ። የሚያርፉትም ሻሲው ወፍራም በሆነበት እንጂ የወለሉ ላሜራ ላይ አይደለም።

ብሎኬት ግን፣ እባክህ! ግቢ ውስጥ ተርፎ የተከመረ ብሎኬት ሁሉንም ሰው ያታልላል። ቤት ይሸከም የለ እንዴ ትለኝ ይሆናል። ቤት ሲሸከም ክብደቱ ገጹ ላይ እኩል ተዘርግቶ ነው፤ የመኪና ብረት ግን አንድ ቦታ ላይ ይጫነዋል፤ ባዶ ሆዱ በቅጽበት ይፈነዳል። ወጣት ሳለሁ አይቻለሁ፤ ሥር የነበረው ልጅ ቁልፍ ሊያመጣ ወጥቶ ነበርና ተረፈ። ለመጠባበቂያ የፈታሃቸውን የፊት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው በበሮቹ ሥር አጋድማቸው፤ እንጨቱ ቢከዳህ እነሱ ይቀበሏታል።

የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስር። «ማርሽ ውስጥ አስገብቻታለሁ» ብለህ አትተማመን፤ ወደ ኋላ የሚሄደው የትራንስሚሽን ዘንግ ሲፈታ ማርሽ ምንም አይዝም።

አሁን ወደ መፍታቱ። ከባትሪው ኔጌቲቩን መጀመሪያ አውጣ፤ ወደ ሞተሪኖው (ሞተሩን ወደሚያስነሳው) የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ስለሚመጣ በቁልፍ ብትነካው ይቃጠላል። ውሃውንና ዘይቱን በጄሪካን ተቀበል። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ እንዳይፈስ፤ የናንተ ሰፈር ቦይ ሄዶ ሄዶ ሐይቁ ጋ ነው፣ ጣናን ደግሞ እምቦጩ ይበቃዋል። ራዲያተሩን አውጣው፤ ካምቢዮው ሲወርድ ሞተሩ ስለሚዘም ማራገቢያው ይበሳዋል። ሽቦዎቹን ስትነቅል በፕላስተር ቁጥር ለጥፍባቸው፣ በስልክህም ፎቶ አንሳ።

የናፍጣ ቱቦዎቹን አፍ ወዲያው በንጹሕ ፌስታል እሰር፤ የናፍጣ ፓምፕ አቧራ አይችልም። የመሪውን ፓምፕ፣ የኤሲውን ኮምፕሬሰርና ፍሪሲዮን የሚገፋውን ትንሹን ፓምፕ ግን ቱቧቸውን አትፍታ፤ ብሎናቸውን ብቻ አውጥተህ ከነቱቧቸው በሽቦ ወደ ጎን እሰራቸው። እንዲህ ካደረግህ ስትገጥም አየር ለማስወጣት አትደክምም፤ የኤሲው ጋዝም አይባክንም።

የትራንስሚሽኑን ዘንግ ከመፍታትህ በፊት ሁለቱ ፊት የሚገጣጠሙበት ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምር። በሌላ ጎኑ ከገጠምከው መኪናዋ ወረታ ሳትደርስ ትንቀጠቀጣለች፣ አንተም ክሮቼራ (የዘንጉን መጋጠሚያ) ትቀይራለህ። ዘንጉ ከካምቢዮው ሲሳብ ከኋላ ዘይት ስለሚፈስ ፌስታል በላስቲክ አድርገህ እሰርበት።

ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ አታውርዱ። ለሁለት ሰው ካምቢዮው ብቻውን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከ40 ኪሎ ይበልጣል። የኋላውን መደገፊያ ከመፍታትህ በፊት ሞተሩን ከኋላ በኩል ደግፈው፤ መደገፊያው የሁለቱንም ክብደት ይዞ ነበርና። ድጋፉ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ላይ በቀጥታ አይረፍ፤ ላሜራ ነው፣ ይጎደጉዳል፤ መሀል ላይ ሰፊ ጣውላ አስገባ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የያዙት ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ የካምቢዮውን አፍ ክብ ሥለህ እያንዳንዱን በየቦታው ውጋ። የላይኞቹን ከወንበሩ ሥር ባለው ክፍት በኩል በረጅም ማስቀጠያ ትደርስባቸዋለህ።

እዚህ ጋ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። አንድ ቀን ብሎኖቹን ሁሉ ካወጣን በኋላ ካምቢዮውን ግማሽ ሳብ አድርገን፣ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ፍሪሲዮን ዲስኩ ውስጥ እንዳለ ትተነው ምሳ ሄድን። ያ ሁሉ ክብደት ዲስኩ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። ከገጠምን በኋላ መኪናው በመጀመሪያ ማርሽ እንደ ብርድ ታማሚ ይርገፈገፍ ጀመር፤ ዲስኩ ጠምሟል። ሥራውን ሁሉ ከአንድ ጀመርን፣ ያውም በነጻ። መሳብ ከጀመርክ ሳይወጣ እጅህን አትታጠብ።

አሁን ሞተሩ ብቻውን ቀርቷል። ለሦስት እግር ያሰብከው ባህር ዛፍ እዚህ ይጠቅማል። ሁለቱን የፊት በሮች ክፈት፣ ወንበሮቹን አውጣ። ባለ 3 ኢንች፣ ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የውሃ ቱቦ ከአንዱ በር ወደ ሌላው አሻግር። ጫፎቹን ከመኪናዋ ውጭ በቆሙ ሁለት የባህር ዛፍ መቆሚያዎች ላይ አሳርፍ። ክብደቱ መቆሚያዎቹ ላይ እንጂ መኪናዋ ላይ እንዳይሆን ነው። እግሮቻቸው እንዳይንሸራተቱ አንድ አንድ ስንዝር ቆፍረህ ትከል፤ ከሥር ደግሞ እርስ በርሳቸው በሰንሰለት እሰራቸው። ባለ አንድ ቶን የሰንሰለት ማንሻ ተከራይ፤ እሱን በናይሎን ገመድ ለመተካት አትሞክር። ገመድ ይለጠጣል፣ ስለታም ጠርዝ ላይም ይቆረጣል።

ሰንሰለቱን ፋብሪካው ሞተሩ ላይ በሠራቸው ሁለት ጋንቾዎች (ማንጠልጠያዎች) እሰር። አጭር ሰንሰለት ያንተ ጠላት ነው። ሁለቱ ክንዶች ከላይ ሲገናኙ በመካከላቸው 60 ዲግሪ ካለ እያንዳንዱ የሚሸከመው የሞተሩን ክብደት 58 በመቶ ያህል ነው። 120 ዲግሪ ከከፈትካቸው ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ክብደት ይሸከማል። ሞተሩ ያው ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ ያለው ጫና ግን ከ70 በመቶ በላይ ይጨምራል።

ከሥር የአይሱዙ አሮጌ ጎማ ላሜራ ላይ አጋድመህ ጠብቀው። ሞተሩ ጎማው ከንፈር ላይ ሲቀመጥ ኮፓው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ምንም አይነካውም። ከዚያ ላሜራውን በገመድ መጎተት ነው። ከመጎተትህ በፊት ግን ከመሬት እስከ ሞተሩ አናት በሜትር ለካ፣ የበሩን ሥርም ለካ። የማይበቃ ከሆነ ኮላቶሪውን (የአየርና የጭስ ማስተላለፊያውን) አውጣ፤ አሁንም ካልበቃ መኪናዋን በዚያው በአሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር ስልት አንሳት። በዚህ ሁሉ ሰዓት ማንም ሰው ሥሯ አይግባ፤ ሞተሩ ከላይ ሆኖም፣ ሲወርድም። እጅ ማስገባት ካስፈለገ በእንጨት ግፋ።

ወጥቶ ኮፓው ሲከፈት ብሮንዚናውን አውጥተህ አሮጌውን ይዘህ ገበያ አትሂድ። መጀመሪያ ክራንኩን ሞረዳ ቤት ወስደህ አስለካው። ከተሞረደ ባለ 0.25 ወይም ባለ 0.50 ሚሊ ሜትር ብሮንዚና ነው የምትገዛው፤ ሳይለካ የተገዛ ብሮንዚና በማግስቱ ያንኳኳል። ካምቢዮው ወርዶ ሳለም ከቮላኖው (ሞተሩ ኋላ ካለው ከባድ የብረት ክብ) ጀርባ ያለውን ፓራኦሊዮ ቀይር። ዋጋው ትንሽ ነው፤ በኋላ ቢያፈስ ግን ይህን ሁሉ እንጨት እንደገና ልትደረድር ነው።