የልጅሽ ኪሮሽ ያንቺን ደመወዝ አይተካም

እህቴ፣

በ«እርስዎ» ጻፍሽልኝ። እኔ ግን «አንቺ» ልበልሽ፣ በዕድሜ ብዙ የምንራራቅ አይመስለኝም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ትንሽ ተናድጄ ነበር። በአንቺ አይደለም፣ በስድስቱ ሻርፖች ነው።

ሌላው አንባቢ እንዲከተለን ነገሩን ላሳጥረው። የሦስት ሴት ልጆች እናት ነሽ። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርሽ። መካከለኛዋ ስትወለድ ሥራ አቆምሽ፣ ይኸው 9 ዓመት ሆነሽ። ቀንሽ የሦስት ልጅ ፀጉር በማበጠር ይጀምርና የጠፋ ካልሲ በመፈለግ ያልቃል። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ኪሮሽ ከእጇ አይለይም። መካከለኛዋ ያገኘችውን ዕቃ ትፈታታለች፤ ባለፈው ሳምንት ተራው የግድግዳ ሰዓቱ ነበር። ትንሿ በየሦስት ወሩ አዲስ ነገር ትጀምርና ትተወዋለች። አሁን ደግሞ እጅ አጥሯችኋል። የባልሽ እህት የትልቋን ሻርፕ አየችና «ይሄማ ይሸጣል!» ብላ ለጓደኞቿ ስድስት አዘዘች። ባልሽም «እንዲሁ ስትቋጥርና ስትፈታ ከምትውል ለቤት ይሁን» አለ። አንቺም ጠየቅሽኝ፦ «ቤቴ ሆኜ የልጄን ሥራ ወደ ንግድ ብቀይረው ለእኔ ሥራ፣ ለእሷ ሙያ አይሆንም?»

አይሆንም።

ምክንያቱን ከራስሽ ደብዳቤ ላምጣው። ልጅሽ አንድ ማታ ሊያልቅ ሁለት ረድፍ የቀረውን ሻርፕ ይዛ መጣች ብለሻል። ታች፣ ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች በአንዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ዘላለች። አንቺ ለማየት መነጽርሽን ማምጣት ነበረብሽ። «ማን ያየዋል?» አልሻት። «እኔ አየሁት» አለችሽ። ከዚያ የክሩን ጫፍ ያዘችና ተረተረችው። ክሩ እየተጠማዘዘ ጭኗ ላይ ተከመረ። «የአሥር ቀን ሥራ! ልቤ ቁርጥ አለ» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። በሥራዬ ብዙ የሥራ ማመልከቻ አነባለሁ። ግማሹ ላይ «ለጥራት ትኩረት እሰጣለሁ» የሚል አለ። አንዱም ማስረጃ የለውም። ያንቺ ልጅ በ13 ዓመቷ፣ ማንም ሳያያት፣ አለቃ ሳይኖራት፣ ይህን ታደርጋለች። ትዕዛዝ ሲመጣ ታዲያ መጀመሪያ የሚሞተው ይሄ ነው። ሻርፑ ለቅዳሜ ይፈለጋል። ዓርብ ማታ አንድ ቋጠሮ መዝለሏን ታያለች። «ተይው፣ አይታይም» የምትያት አንቺ ነሽ። ሦስት ጊዜ ትይያታለሽ። በአራተኛው ራሷ ለራሷ ትለዋለች።

እሺ፣ ስሜቱን እንተወውና ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሻርፕ 11 ምሽት ይወስድባታል ብለሻል፣ በምሽት ሁለት ሰዓት። 22 ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሻርፕ 132 ሰዓት ነው። በምሽት ሁለት ሰዓት እየሠራች አንድም ቀን ሳትታመም፣ ፈተና ሳይኖርባት፣ ጓደኛ ሳይመጣባት 66 ምሽት ይፈጃል። ከሁለት ወር በላይ ማለት ነው። አሁን አማትሽ ልጅ ልትከፍለው ያሰበችውን ዋጋ ያዢ። ክሩ የፈጀውን ቀንሺ። የቀረውን ለ22 አካፍዪ። የልጅሽ የአንድ ሰዓት ድካም ዋጋ ይህ ነው። አጠገቡ ደግሞ በላቦራቶሪው ሳለሽ በአንድ ሰዓት ስንት ይደርስሽ እንደነበር ጻፊ። ሁለቱን ቁጥሮች ለባልሽ አሳዪው። ማብራሪያ አትጨምሪበት።

ዋጋውን ከፍ እናድርገው ትይኝ ይሆናል። የሹራብ ማሽን የቆየ ነገር ነው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የመጀመሪያውን የሠራው በ1589 እ.ኤ.አ. ነው። የኪሮሽን ቋጠሮ ግን እስከ ዛሬ ፋብሪካ በማሽን አያመርተውም ማለት ይቻላል። ይሄ ለልጅሽ ጥሩ ዜና ይመስላል፣ አይደለም። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ካየሽ፣ የሆነ ቦታ ያለች ሴት ለ20 ሰዓት ድካሟ የተከፈላት ከዚያም ያነሰ ነው። ልጅሽ የምትወዳደረው ከዚያች ሴት ጋር ነው። ገዢሽ ደግሞ ሻርፑን የሚያየው ከዚያኛው አጠገብ ሰቅሎ ነው።

በዚህ ነገር ለምን እንደምቆጣ ልንገርሽ። በ15 ዓመቴ የሰላምታ ካርድ እስል ነበር። ለማንም አይደለም፣ ለራሴ። አንድ ዘመዳችን አየና ለሠርጉ 40 ካርድ አዘዘኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ግራ ማዕዘኑ ላይ ሁለት አበባ። ቤተሰቡ በሙሉ ተደሰተ። 23ኛው ላይ ስደርስ የአበባውን ቅጠል መሳል ተውኩ። ማንም አላወቀም። በገንዘቡ ጫማ ገዛሁ፤ ጥሩ ጫማ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ቀለም እስከ 38 ዓመቴ ድረስ በእጄ አልነካሁም። በመሀሉ 14 ዓመት ቢሮ ተቀምጬ የሰው ሒሳብ መዘገብኩ። ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ነበረኝ፤ ቀለም የገዛሁት በእሱ ነው። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ደመወዝ ትንሽ ሊያደላ ይችላል፣ ይህን እያወቅሽ አንብቢኝ።

የእኔ ታሪክ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በማርከር መሳል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሉ። አንደኛውን ቡድን «ከሳላችሁ ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን» አሉት። ሁለተኛው ሳያስበው፣ ከሳለ በኋላ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩን ያለ ምንም ሽልማት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡት። ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ልብ በዪ፣ ሳያስቡት የተሸለሙት አልተጎዱም። ልጆቹ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ስለነበሩ ለ13 ዓመት ልጅ ቃል በቃል ልገለብጠው አልፈልግም። ነገር ግን ሳትነግሪያት አንድ ቀን የምትወደውን ቀለም ክር ገዝተሽ አልጋዋ ላይ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ «ስድስቱን ከጨረስሽ ይህን እገዛልሻለሁ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ባልሽ ደግሞ «ታዲያ ምን ይጠቅማታል?» ሳይል አይቀርም። ይህን ንገሪው። የሒሳብ ሰዎች ሃይፐርቦሊክ የሚሉት ገጽ አላቸው። ወደ ዳር በሄደ ቁጥር እየሰፋ፣ እንደ ቀሚስ ጫፍ እየተሸበሸበ የሚሄድ ነው። በወረቀት ሲሠሩት በቀላሉ ይቀደድባቸው ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ዳይና ታይሚኛ የምትባል ላትቪያዊት የሒሳብ ሊቅ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያስተማረች፣ በየረድፉ በቋሚ ስሌት ቋጠሮ እየጨመረች በኪሮሽ ሠራችው። ተማሪዎቿ በእጃቸው ይዘው አጣጠፉት። ልጅሽ የሒሳብ ሊቅ ትሆናለች ማለቴ አይደለም። እጅ የለመደው ነገር የት ላይ እንደሚያገለግል ከአሁኑ አይታወቅም፣ ለማለት ነው። ስድስት አንድ ዓይነት ሻርፕ ላይ ግን እንደማያገለግል እኔ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አማትሽ ልጅ ያለችውን ጽፈሻል። ባልሽ ያለውን ጽፈሻል። ልጅቷስ ምን አለች? በሦስት ገጽ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ምናልባት ራሷ መሸጥ ትፈልግ ይሆናል፣ ያኔ ሌላ ወሬ ነው። አንድ ትሽጥ። ዋጋውን እሷ ትተምን፣ «አልሠራም» ማለትም ትችል፣ ገንዘቡም የእሷ ይሁን። ከዚያ የሰዓቱን ሒሳብ ራሷ ትሥራው። ብዙ ትማርበታለች። የቤቱን ቀዳዳ የምትደፍነው ግን እሷ አይደለችም።

ታዲያ ማን ይድፈነው? ከፊርማሽ በላይ፣ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገሻል፦ «ወደ ሙያዬ እንዳልመለስ ማሽኑም ሁሉ ተቀይሯል፣ ማን ይቀጥረኛል?» የደብዳቤው ዋና ጥያቄ ይሄ ነው። ሻርፑ ይህን ላለመጠየቅ የመጣ ይመስለኛል።

ማሽኑ ተቀይሯል፣ እውነት ነው። ናሙና ላይ የሚለጠፍ ስም ግን ዛሬም ከተሳሳተ፣ ሰው ይጎዳል። ማሽኑ አጠራጣሪ ውጤት ሲያወጣ ዛሬም ሰው በማይክሮስኮፕ ያያል። አንቺ 100 ነጭ የደም ሕዋስ አንድ በአንድ እያየሽ በየዓይነቱ የቆጠርሽ ሴት ነሽ። ልጅሽ የተዘለለችውን አንዲት ቋጠሮ የምታይበትን ዓይን ከየት ያመጣችው ይመስልሻል?

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጊ። አብራሽ ትሠራ ለነበረችና አሁንም ሥራ ላይ ላለች አንዲት ባልደረባሽ ደውዪ። ሥራ አትጠይቂያት። «አሁን የምትጠቀሙት ማሽን የትኛው ነው? አዲስ ሰው ሲገባ ስንት ቀን ያሠለጥኑታል?» በያት። መልሱ ከምትፈሪው ያነሰ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ቀጥሎ የሙያ ፈቃድሽ ጊዜው አልፎ እንደሆነና ለማደስ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂ። በብዙ ቦታ የተወሰነ ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ማስታወቂያ ከማሳደድሽ በፊት ይቅደም። የትርፍ ሰዓት ወይም የግማሽ ቀን ሥራ ካገኘሽ ለመጀመሪያው ዓመት እሱ ይበቃል። 9 ዓመቱን በማመልከቻሽ ላይ አትደብቂው፣ «ልጆቼን ሳሳድግ» ብለሽ በአንድ መስመር ጻፊና እለፊ።

ባልሽ «ልጆቹስ?» ካለሽ፣ እሱም ፀጉር ማበጠር ይማር። መጀመሪያ ሰሞን ጠማማ ሆኖ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ምንም አይሆኑም።

ለትልቋ ምን ላድርግላት ካልሽ፣ ብዙ አይደለም። ብርሃን ያለበት አንድ ጥግ። ሲተረተር ዝምታ። «ጎበዝ» ብቻ ብለሽ አትለፊ፣ «ይሄን ረድፍ እንዴት አዞርሽው?» በያት። ከቻልሽ አንድ ማታ አጠገቧ ተቀምጠሽ እንድታስተምርሽ ጠይቂያት። የሠራሽውን አይታ ሳቋን መያዝ ያቅታታል።

የትንሿ ነገር አያስጨንቅሽ፣ በ6 ዓመት መጀመርና መተው ራሱ ሥራ ነው። ውድ ዕቃ ብቻ አትግዢላት።

ለአማትሽ ልጅ ዛሬ ደውዪላት። «እኔ ቸኩዬ ነው እሺ ያልኩሽ» በያት። ጥፋቱን በራስሽ ላይ አድርጊው፣ ልጅቷ «እምቢ አለች» ተብላ ስሟ እንዳይነሳ። ትቀየም ይሆናል፣ ከአንድ ሻርፕ በኋላ ይበርድላታል። ያን አንዱንም ልጅሽ ከወደደች ብቻ።

የግድግዳ ሰዓቱን ረስቼው ነበር። መልሳ ስትገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈ ብለሻል፣ እየሠራም ነው። ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ስጫትና ብሎኖቹን እዚያ ታስቀምጥ። ሰዓቱ ወደፊት መሮጥ ከጀመረ ግን ጻፊልኝ፣ የየትኛው ቦታ ብሎን እንደሆነ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።