ብድሩ ይጠብቃል፣ ፈተናው አይጠብቅም

ከጀርመን፣ ከማግደቡርግ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ብቸኝነቱ አለ፣ ክፍል ውስጥ አፍህ አልፈታ ማለቱ አለ፣ ዘርፍ ልቀይር ይሆን የሚለው አለ። እኔን ያንገበገበኝ ግን መሀል ላይ በሁለት መስመር ያለፍከው ነው። ለቪዛው ብሎክድ አካውንት ውስጥ (በወር በወር ካልሆነ ገንዘቡ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ) ካስገባኸው 11,904 ዩሮ አብዛኛውን ያበደሩህ አጎትህ ናቸው። ጥቅምት ላይ ገና እግርህ እንደረገጠ «በወር 300 ዩሮ መመለስ ጀምር» አሉህ። እሱን ለመሙላት በሳምንት አራት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትደረድራለህ፣ ጠዋት ሌክቸር ላይ እንቅልፍ ይጥልሃል። ከአምስት ኮርሶችህ የሁለቱን ፈተና እስካሁን አልተመዘገብክም። እናትህ ደግሞ «አጎትህ ፊት አታሳፍረኝ» ይሉሃል።

በግልጽ ልንገርህ። ይህ አሁን የሚከፈል ዕዳ አይደለም። የጀርመን መንግሥት ያንን ገንዘብ የጠየቀህ አንድ ተማሪ ለመኖር በወር 992 ዩሮ ያስፈልገዋል ብሎ ነው። ባንኩም በወር በወር ቆርጦ የሚለቅልህ ለዚሁ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ግን 992 ዩሮ ሲባል በብር መንዝሮ ነው የሚሰማው። እስቲ አንተ በጻፍክልኝ እናስላው። የዶርም ኪራይ 380። የጤና መድን ከ140 በላይ። የአጎትህ 300። የቀረህ 170 ዩሮ አይሞላም። ከሱ ላይ ምግብ፣ ስልክ፣ ትራንስፖርት፣ በየቤቱ የሚጠየቀው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ። ታዲያ መጋዘን ባትገባ ነበር የሚገርመው።

መጋዘኑ ደግሞ ገደብ አለው። ከ2024 መጋቢት ወዲህ (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንዳንተ ያለ የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ስምንት ሰዓት የሠራህባት ሌሊት እንደ ሙሉ ቀን ትቆጠራለች። በሳምንት አራት ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ከቀጠልክ 140ውን ታልፋለህ። የመኖሪያ ፈቃድህን ስታሳድስ የውጭ ዜጎች ቢሮ ገንዘብህን ብቻ አይጠይቅም፤ ትምህርትህ የት እንደደረሰም ያያል። ጓደኛህ «በሌላ ሰው ወረቀት ትሠራለህ» ያለህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳው።

ፈተናውን አገር ቤት እንደለመድነው አትየው። ጀርመን ኮርሱን ተምረሃል ማለት ለፈተናው ተመዝግበሃል ማለት አይደለም። ቀኑ ካለፈብህ አትፈተንም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ፈተና መሞከር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ከወደቅክ ከፕሮግራሙ ትወጣለህ፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም በአብዛኛው አይቻልም። አጎትህ ያበደሩት ገንዘብ ያኔ ነው ውሃ የሚበላው።

ስለዚህ ለአጎትህ ደውል። በእናትህ በኩል አይሁን፣ ራስህ ደውል። እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ገንዘብዎን አልረሳሁም። ተመርቄ ሥራ ስይዝ በየወሩ እከፍላለሁ፣ በጽሑፍ ልስጥዎ። አሁን ከከፈልኩ ግን ትምህርቴን እጥላለሁ፣ እርስዎም ገንዘብዎን አያገኙም።» ከዚያ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ላክላቸው። ስትመረቅ ሥራ ለመፈለግ 18 ወር ይሰጥሃል፣ በዚያ ጊዜ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይፈቀድልሃል። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። እናትህም ያፍሩ ይሆናል። የአንድ ሰሞን ቅሬታ የሁለት ዓመት ትምህርት አያስከፍልም። ልጅን በብድር ውጭ ልኮ በመጀመሪያው ሴሜስተር መልስ ማለት ፍቅር ቢኖርበትም ልክ አይደለም፤ ይህን ለእናትህ ብታነብላቸው ደስ ይለኛል።

መሥራትህን አልቃወምም። ሥራውን ግን ቀይር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ «ሂዊ» የሚባል የተማሪ ረዳት ሥራ አለ። ከ140ው ቀን አይቆጠርብህም። ክፍያው ከመጋዘኑ የሌሊት ክፍያ ሊያንስ ይችላል፣ ግን ቀን ነው የምትሠራው፣ በሙያህ ነው፣ ስምህንም ያውቁታል። እኔ እዚያው ጀርመን ስማር የላቦራቶሪ መለኪያ ውጤቶችን ኤክሴል ላይ አስገባ ነበር። የመጀመሪያ ቋሚ ሥራዬን ያገኘሁት በዚያው ላብ ሰዎች በኩል ነው። ለፕሮፌሰሩ ሳይሆን መልመጃውን ለሚያስተምረው የዶክትሬት ተማሪ ጻፍ። አምስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆንክ፣ የትኛውን ኮርሱን እንደምትወስድ፣ ማትላብ ወይም ፓይተን የመሰለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ምን ያህል እንደምትችል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትችል፣ መቼ ብቅ ልበል የሚል ጥያቄ። ዝም ካለህ በሳምንቱ ከመልመጃ በኋላ ቀርበህ አናግረው። እዚያ አገር ይህ ድፍረት አይባልም።

እስከዚያ ገንዘብ ከጠፋህ የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅቱ፣ ሽቱደንተንቬርክ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር አለው፣ ነፃ ነው። የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ማኅበር፣ ኢኤስጌ፣ ለተቸገሩ የውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ አለው፤ ኦርቶዶክስ ነኝ ብለህ እንዳትቀር።

ሌሎቹን ባጭሩ። ዘርፍ አትቀይር፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉም ትምህርት ይከብደዋል። ብቸኝነቱ ሲበረታብህ በርሊን በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ሐበሻም ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ በወር አንዴ ሂድ። አፍህ ካልፈታ ደግሞ መጀመሪያ መልመጃ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ጥቂት በሆነበት፣ አንድ ጥያቄ ጠይቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት የፈተና ቢሮውን ገጽ ክፈትና የሁለቱን ኮርሶች የምዝገባ ቀን እይ። ክፍት ከሆነ ወዲያው ተመዝገብ፤ ከተዘጋ ቢሮው ድረስ ሄደህ ምን ይሻላል በል። ወደ ትምህርት ክፍልህ የተማሪዎች ማኅበርም፣ ፋኽሻፍት ወደሚሉት፣ ጎራ ብለህ የድሮ ፈተና ወረቀት ጠይቃቸው። ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። የመጋዘኑን አለቃ ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜን ብቻ እንደምትሠራ ንገረው።