ልጄ ስትተኛ ልሥራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጄ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ከመውለዴ በፊት አምስት ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን መመለስ እፈልጋለሁ። ገንዘቡም ያስፈልገናል፣ ቤት መዋሉም እየከበደኝ ነው። ሙሉ ቀን ትቻት መሄድ ግን አልፈልግም። አማቴ በሳምንት ሁለት ቀን ሊይዙልኝ ፈቃደኛ ናቸው። ባለቤቴ «ከቤት የሚሠራ ነገር ፈልጊ፣ እሷ ስትተኛ ትሠሪያለሽ» ይለኛል። ያዋጣል? ምን ዓይነት ሥራ ልፈልግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ስትተኛ ትሠሪያለሽ» የምትለዋን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ልጄ ያንቺን ልጅ ዕድሜ ሳለች የጽሑፍ እርማት ቤት እያመጣሁ እሠራ ነበር። ቀን ሁለት ሰዓት ትተኛለች፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲባዛ አሥር ሰዓት ብዬ በዚያው ልክ ሥራ ተቀበልኩ። እንደተኛች መጀመሪያ የምሮጠው ግን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ነበር። ከዚያ ልብስ አጣጥፋለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የት ላይ እንዳቆምኩ እፈልጋለሁ። ልክ እጄ ሲፍታታ «እማ!» ትላለች። ከሁለቱ ሰዓት የሚተርፈኝ አንዱ ነበር፤ ጥርስ ያበቀለች ሰሞን እሱም የለም። ሦስት ጊዜ አዘግይቼ ሳስረክብ አሠሪዬ ሌላ ሰው ፈለገ። አልፈረድኩበትም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራል። ሲሰሙት ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የሌሊቱ ነው፣ ሌሊት ደግሞ አንቺም ትተኛለሽ። ስለዚህ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ከቤት መሥራት መንገድ ያስቀራል እንጂ ልጅ አይይዝም።

እኔ ብሆን የሥራ ማስታወቂያ ከማየቴ በፊት አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ለሁለት ሳምንት፣ ማታ ማታ፣ ልጅሽን ሌላ ሰው የያዘበትን ሰዓት ብቻ ጻፊበት። እንቅልፏን አትቁጠሪ፤ እሱ ከተገኘ ምርቃት ነው። የአማትሽ ሁለት ቀንስ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? «ጠዋት እመጣለሁ» ያሉ አያት ረፋዱ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ። በደግነት ለተሰጠ ነገር ሰዓት መጠየቅ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ጠይቂ። ሥራ የምትፈልጊው ወረቀቱ ላይ ለቀረው ሰዓት ነው።

ሙያሽ ለዚህ ይመቻል። አንዳንድ ሥራ የሚፈልገው መገኘትሽን ነው፣ አንዳንዱ ግን ውጤቱን ብቻ። የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ መያዝ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ማክሰኞ ሠራሽው ሐሙስ ግድ የላቸውም። ችግሩ ወር መጨረሻ ላይ ሁሉም ባንዴ መምጣቱ ነው። በአንድ ደንበኛ ጀምሪና ደረሰኙን በየሳምንቱ እንዲልክልሽ ከመጀመሪያው ተስማሚ። ከቤት ሆኖ ስልክ መመለስን ግን፣ «ለእናቶች የሚመች» ተብሎ ቢወጣም፣ እለፊው። ጸጥታ የሚፈልግ ሥራና የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ቤት አይገቡም። አስቀድሞ የመመዝገቢያ ክፈይ የሚልሽንም እንዲሁ።

የግማሽ ቀን ቅጥር ካገኘሽ ሰዓቱን ከበር እስከ በር ቁጠሪው። አራት ሰዓት ሥራ፣ መሄጃና መመለሻው አንድ አንድ ሰዓት ከሆነ፣ ስድስት ሰዓት ልጅ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ግማሽ ደመወዝ ለሙሉ ሥራ። ከመፈረምሽ በፊት «ይህን ሥራ ከዚህ በፊት የያዘው ሰው በቀን ስንት ሰዓት ይሠራ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ቁጥር 175 ስምምነት፣ ሠራተኛ ሰዓቱ ከፊል ስለሆነ ብቻ ሂሳቡ በሰዓት ሲሰላ ከሙሉ ጊዜ ሠራተኛው ያነሰ መሠረታዊ ደመወዝ እንዳይከፈለው ይላል። የሚያስገድደው ያጸደቁ አገሮችን ነው። ቢሆንም ስትደራደሪ ይጠቅምሻል።

አሁን ወደ ከባዱ። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው፤ ሕፃናት ማቆያ ከገባች ሊብስ ይችላል። ትኩሳት ባላት ቀን ማን ይቀራል? ይህን ከባለቤትሽ ጋር አሁን፣ ሁለታችሁም ሳትበሳጩ ተነጋገሩ። እኛ ቤት የተነጋገርነው ልጅቷ ትከሻዬ ላይ እያስታወከች፣ እሱ ጫማውን እያሰረ ነበር። የቀረሁት እኔ መሆኔን መቼም መንገር አያስፈልገኝም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 156 ስምምነትም የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ሲናገር «ወንዶችና ሴቶች» ነው የሚለው። ለባለቤትሽ ስትነግሪው ሳቅ እያልሽ ይሁን።

የቀድሞ አለቃሽ ስልክ ካለሽ ዛሬ ጻፊላቸው። ወር ሲዘጉ የሚያግዝ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂ፤ የምትችይባቸውን ሁለት ቀናትም በስም ጥቀሺ። «ማንኛውም ሰዓት ይመቸኛል» እንዳትዪ ብቻ። እኔ አንድ ጊዜ ብዬ እሑድ ማታ አርባ ገጽ ተላከልኝ፣ ለሰኞ ጠዋት።