ሰርተፍኬት አለኝ፤ የተግባር ፈተናው ላይ ግን እቀራለሁ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ፤

በአካውንቲንግ ተመርቄ አዳማ ሆኜ ሥራ የምፈልግ ወጣት ነኝ። ውጤቴ ጥሩ ነው፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከተመረቅኩ ወዲህም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ተምሬያለሁ፤ የቤዚክ ኮምፒውተር ሰርተፍኬት አለኝ፤ በኢንተርኔት ስለ አመራርና ስለ ተግባቦት የወሰድኳቸውም አሉ። ሲቪዬን አይተው ይጠሩኛል። የምቀረው ከዚያ በኋላ ነው።

በቅርቡ አንድ አስመጪ ድርጅት ለጁኒየር አካውንታንት ጠርቶኝ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። የሠራተኞች ደመወዝ አዘጋጂ፣ የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር አስታርቂ፣ ያገኘሽውን ልዩነት ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል ጻፊ ተባልኩ። የተሰጠኝ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሲያልቅ ገና ደመወዙ ላይ ነበርኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ «ምን ክህሎት አለሽ?» ሲሉኝ «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ» አልኩ። እስከ ዛሬ አልደወሉም።

ጓደኞቼ «ዘመኑ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው፣ እሱን ተማሪ» ይሉኛል። ኮርሱ ውድ ስለሆነ ታላቅ ወንድሜን ማስቸገር ሊኖርብኝ ነው። ልክፈል? ቀጣሪዎችስ በትክክል የሚፈልጉት ምንድን ነው?

ሥራ ፈላጊዋ፣ ከአዳማ

መልስ

ውድ እህቴ፣

አሁን አትክፈይ። የሰጡሽ ፈተና ቀጣሪዎች ምን እንደሚፈልጉ ከማንኛውም ማስታወቂያ በተሻለ ይናገራል። የሚፈልጉት አለቃው እንደገና ሳይሠራው ሊፈርምበት የሚችል ሥራ የሚያስረክብ ሰው ነው። ማስላት፣ ማመሳከር፣ ያገኙትን በአጭሩ ማስረዳት፤ ሦስቱም እዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነበሩ። ሦስቱንም ቤትሽ ተቀምጠሽ መለማመድ ትችያለሽ።

ከደመወዙ እንጀምር፤ ጊዜሽን የበላው እሱ ነውና። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የገቢ ግብር ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ያለውን ነጻ ያደርጋል፤ ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። መነሻ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ብትወስጂ 20,000 በ35 በመቶ 7,000 ይሆናል፤ የታችኞቹ እርከኖች በዝቅተኛ መጣኔ ስለሚታሰቡ ሠንጠረዡ ለዚህ እርከን ያስቀመጠውን 2,050 ተቀናሽ ስታነሺ ግብሩ 4,950 ነው። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,400 ብር ነው። የተጣራው 13,650 ይመጣል። የአሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ብር፣ የድርጅቱ ወጪ እንጂ ከሠራተኛው የሚቆረጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ተፈታኞች የሚወድቁባቸው ስህተቶች ተደጋጋሚ ናቸው። ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሰው በቀሪው ላይ ግብር ያሰላሉ፤ ጡረታ ግን የግብሩን መነሻ አይቀንስም። ጡረታን ከመነሻ ደመወዝ ብቻ ማስላት ሲገባቸው አበል ደምረው ያሰሉታል። ወይም ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን የድሮ ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ፤ በዚያኛው የዚሁ ሠራተኛ ግብር 5,500 ይሆናል። የ550 ብሩ ልዩነት ለፈታኙ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ ይህች ልጅ ከተመረቀች ወዲህ ሕጉን አልተከታተለችም። የገቢዎችን ለውጥ መከታተል ከየትኛውም የአመራር ሰርተፍኬት ይልቅ ያስቀጥራል ብዬ አምናለሁ።

ግብሩን በየሠራተኛው በእጅሽ አታስዪው። የግብር እርከኖቹን ለብቻው በአንድ ሺት ላይ አስቀምጪ፤ ከዚያ በቪሉክአፕ (ከሠንጠረዥ ፈልጎ በሚያመጣው የኤክሴል ፎርሙላ፣ VLOOKUP) የየሠራተኛውን መጣኔና ተቀናሽ አምጪ። የመጨረሻውን ምርጫ «ግምታዊ» ላይ አድርጊው፤ «ትክክለኛ» ካልሽው ልክ የእርከኑ መነሻ ላይ ያልወደቀ ደመወዝ ሁሉ ስህተት ይመልስልሻል። ሕጉ ሲቀየር የምትነኪው ያችን አንዲት ሺት ብቻ ነው፤ ጊዜ የሚተርፍሽም በዚህ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የቀን ጉዳይ ነው። እኛ ሂሳብ የምንዘጋው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ ኤክሴል ደግሞ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። አብዛኛው ኮምፒውተር ወሩን አስቀድሞ በሚያነበው የአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ስላለ፣ ጥቅምት 5 ለማለት 5/2/2018 ብለሽ ስትጽፊ ሜይ 2 አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 20ን 20/2/2018 ስትይው ደግሞ 20ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። እናም በአንድ ዓምድ ውስጥ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀን፣ ከ12 በላይ ያሉት ጽሑፍ ሆነው ይቀመጣሉ። በተርታ ስታስቀምጪያቸው ይዘበራረቃሉ፤ ፒቮት ቴብል (ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ስትሠሪም ወሮቹ ይፈርሳሉ። ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ቀን የሆኑት ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ የሆኑት ወደ ግራ ይጠጋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ዓምዱን ከመጻፍሽ በፊት ጽሑፍ አድርገሽ አዘጋጂውና ዓመቱን አስቀድመሽ 2018-02-05 እያልሽ ጻፊ፤ እንዲህ ሲጻፍ በቅደም ተከተል ይደረደራል፣ ጳጉሜንም 13 ሆና ቦታዋን ትይዛለች። ፈተናው ላይ የተሰጠሽ ፋይል እንዲህ የተዘበራረቀ ከሆነ ሳያስተካክሉ መደመር አያዋጣም። ቁጥሮችም እንዲሁ ጽሑፍ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ፤ የሴሉ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ካየሽ ድምር ሲሠራ ይዘላቸዋልና ወደ ቁጥር ቀይሪያቸው።

ማስታረቁ ላይ የማሳስብሽ ማስተካከያው በየትኛው ወገን እንደሚገባ ነው። ያልተመነዘረ ቼክ ከባንኩ ቀሪ ይቀነሳል፤ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ፣ ማለትም እኛ መዝግበነው ባንኩ ገና ያልመዘገበው፣ በባንኩ ቀሪ ላይ ይደመራል፤ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ግን ከመዝገባችን ነው የሚቀነሰው። ይህን ሁሉ አድርገሽ ልዩነት ካለ ልዩነቱን ለ9 አካፍዪው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገላብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ 5,400 የነበረው 4,500 ተብሎ 900 እንደሚያጎድለው ማለት ነው። ለ2 ሲካፈል የሚመጣውን ቁጥር ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ፈልጊው፤ ካገኘሽው ዴቢት የነበረ ክሬዲት ላይ ገብቶ ይሆናል።

ኢሜይሉን ብዙ ሰው ትርፍ ሥራ ያደርገዋል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ ከባዱ እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ አካውንታንት ላይሆን ይችላል። ርዕሱ ላይ «የጥቅምት ወር የባንክ ማስታረቂያ፦ የ11,650 ብር ልዩነት» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ እንዲህ ይበቃል፦

«የባንኩ ቀሪ ከመዝገባችን በ11,650 ብር ይበልጣል። ለአቅራቢ የጻፍነው የ12,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም። ባንኩ የቆረጠው 350 ብር የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ መዝገብ ላይ አልገባም። 350 ብሩን ዛሬ እንድመዘግብ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ፤ ቼኩን አቅራቢው ጋ ደውዬ አጣራለሁ። ዝርዝሩ ተያይዟል።»

መጠኑ፣ ምክንያቱ፣ ከእሳቸው የሚጠበቀው፣ አንቺ የምታደርጊው። «በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን» ብሎ ሦስት መስመር መሄድ ሰውየው ቁጥሩን እስኪያገኝ ማስቸገር ነው።

አሁን ልምምዱን ጀምሪ። አሥራ አምስት ምናባዊ ሠራተኞች፣ የአንድ ወር የባንክ እንቅስቃሴና ሆን ተብለው የተደበቁ ስህተቶች ያሉበት ፋይል አዘጋጂ፤ የተመረቀ ጓደኛ ካለሽ እሱ ያዘጋጅልሽ፣ አንቺም ለእሱ። ሰዓት ሞልተሽ ሥሪ፦ ለደመወዙ 25 ደቂቃ፣ ለማስታረቁ 20፣ ለኢሜይሉ 10፣ የቀረው 5 ለማረጋገጥ። 25ቱ ሲያልቅ ደመወዙ ባያልቅም ቀጥዪ። ፈታኙ ሦስቱም ላይ የጀመርሽውን ካየ የሚመዝነው ነገር ያገኛል፤ ባዶ ገጽ ላይ ግን ምንም ሊሰጥሽ አይችልም። በማረጋገጫው ጊዜ የተጣራውን፣ ግብሩንና ጡረታውን ደምረሽ ከጥቅሉ ደመወዝ ጋር አገናዝቢ፤ ሌላ ተቀናሽ ከሌለ እኩል ካልመጣ አንድ ሴል ተሳስቷል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ታታሪ ነኝ» ማለት ያልሽውን የሚያረጋግጥ ነገር አይሰጣቸውም። «የአሥራ አምስት ሠራተኛ ደመወዝ በ25 ደቂቃ አዘጋጃለሁ፤ ፋይሉ እዚህ ፍላሽ ላይ አለ፣ ልክፈተው?» በያቸው። የልምምድ ፋይል መሆኑንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ስለ ቡድን ሥራ ከጠየቁሽም ከጓደኛሽ ጋር እንዴት ስህተት እየተፈላለጋችሁ እንደሠራችሁ ንገሪያቸው።

ኤአይን በተመለከተ ጓደኞችሽ ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ግን ነጻ መነሻ አለ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስተምር ስለሆነ፣ ምዝገባው ክፍት ከሆነ ከዚያ ጀምሪ። ቻትጂፒቲን ፎርሙላ እንዲያስረዳሽና የኢሜይልሽን ቋንቋ እንዲያቃናልሽ ተጠቀሚበት። የግብር ሠንጠረዥ ስትጠይቂው ግን የድሮውን ሊሰጥሽ ስለሚችል ከአዋጁ ጋር ሳታመሳክሪ አትቀበዪው። ከተቀጠርሽ በኋላም የሠራተኞችን ስምና ደመወዝ ገልብጠሽ እዚያ አታስገቢ፤ ማንነታቸውን አውጥተሽ፣ ቁጥሩን በምናባዊ ተክተሽ ፎርሙላውን ብቻ ጠይቂ። ቃለ መጠይቁ ላይ «ኤአይ ትጠቀሚያለሽ?» ካሉሽ ይህንኑ አሠራርሽን አስረጂያቸው።