ከፋሲካ በኋላ ክብደት እንዳይመለስ

እህቴ፣ «በ55ቱ ቀን ጾም የቀነስኩት ኪሎ በፋሲካ እንዳይመለስብኝ ምን ላድርግ?» ብለሻል። የበዓሉን ዕለት ዶሮ ወጡን በደስታ ብዪ። አንድ ቀን ማንንም አያወፍርም። የሚያወፍረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ጥብሱና ክትፎው ይቀጥላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻ ከ100 ካሎሪ በላይ አለው! እኔ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ምስርና ጎመን ወደ ገበታዬ እመልሳለሁ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ቅቤ አልነካም። ጾም ስለሆነ አይደለም፣ ልማዱ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። ዘመድ ጥየቃ በእግርሽ ሂጂ። በለስላሳ ፈንታ ውሃ ጠይቂ። ጉርሻ ግን እንቢ አትበዪ፣ እናቶች ይከፋቸዋል። «ትንሽ አድርጉልኝ» በያቸው፣ ይገባቸዋል።