ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚቀረው ፍርሃት፦ ጥያቄና መልስ

ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት ስለተረፉ ሰዎች ብዙ ጠይቃችሁኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ የመድኃኒቱን ነገር ለሐኪማችሁ እተዋለሁ።

ባለቤቴን ባጃጅ ገጭቶት አሥር ቀን ራሱን ስቶ ነበር። አደጋውን ጨርሶ አያስታውስም። አሁን ግን የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል፤ ከቤት መውጣትም ጠልቷል። የማያስታውሱት ነገር ያስፈራል እንዴ?

ያስፈራል፣ እህቴ። ድሮ ባለሙያዎቹም «ካላስታወሰ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ የሚቀር የጭንቀት ሕመም) አይዘውም» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አውስትራሊያዊው ሪቻርድ ብራያንትና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ይህን አናጋው። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን 96 ሰዎች ከ6 ወር በኋላ ሲያዩ፣ 27 በመቶው ገደማ ፒቲኤስዲ ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ አደጋው በሐሳባቸው እየመጣ የሚያስቸግራቸው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። አደጋውን የሚመስል ነገር ሲገጥማቸው የሚረበሹት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል።

የሆነውን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ነው። ፍርሃትን በመማር በኩል ዋናው አሚግዳላ ነው። የመጀመሪያው ሳይመዘግብ ሁለተኛው ሊማር ይችላል። በዚያ ላይ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ያለፈበት ግራ መጋባት አለ፤ ዘመድ የተረከለት ታሪክም አለ። አደራሽን፣ የአደጋውን ፎቶ በስልክ እያወጡ የሚያሳዩትን ሰዎች አስቁሚልኝ!

ሐኪሙ «ከባድ» ያለው በምን ለክቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በግላስጎው መለኪያ ነው። ዓይን መክፈቱ፣ መናገሩና መንቀሳቀሱ ታይቶ ከ3 እስከ 15 ይሰጠዋል። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል።

ወንድሜ በሆነ ባልሆነው ይቆጣል፣ ይረሳል፣ እንቅልፍም የለው። ከጉዳቱ ነው ከጭንቀቱ?

ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ምልክቶቹ ይደራረባሉ። ለአንድ ሳምንት ከቁጣው በፊት የሆነውን ጻፉ። ሲደክመው ወይም ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ከሆነ ወደ ጉዳቱ ያደላል። ክላክስ ሲሰማ የሚበረግግ፣ የሚቃዥ፣ አደጋው የደረሰበትን መንገድ የሚሸሽ ከሆነ ጭንቀቱ ይመርመር። ማስታወሻውን ለሐኪሙ አሳዩት፤ «ይቆጣል» ከማለት በጣም ይሻላል። የሚጥለው ከሆነ ወይም ራስ ምታቱና መፍዘዙ ከባሰበት ግን ማስታወሻ አያስፈልግም፤ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሐኪሞቹ «ድኗል» አሉን። እሱ ግን ኑሮ አልጣመውም።

ሐኪሞቹ ምናልባት ቁስሉን አይተው ይሆናል። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ኑሮው እንዴት እንደሆነ ራሱን ሰውየውን የሚጠይቅ፣ ኮሊብሪ የሚባል 37 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። በማሰብ ችሎታው፣ በራሱ፣ በሰው ላይ ባለመደገፉና በማኅበራዊ ኑሮው ምን ያህል እንደረካ ይጠይቃል፤ ስሜቱንና አካላዊ ችግሩንም ያነሳል። ቤተሰብ በእግሩ መሄዱን ብቻ ያያል። ሰውየው ግን ዕድሩ ላይ ስም ጠፍቶት ያፈረበትን ቀን ይዞ ይቀመጣል። በብራያንት ቡድን ጥናትም ፒቲኤስዲ ያለባቸው በኑሯቸው የሚረኩት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ጸበል እንውሰደው?

ውሰዱት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን አታቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም መጣሉን ያባብሳል።

ሕክምናው ምንድን ነው? ማስታወስ ለማይችል ሰው የንግግር ሕክምና ምን ያደርጋል?

ከፍርሃቱ ጋር ቀስ በቀስ የሚያላምድ የንግግር ሕክምና አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው ቀጠሮው ያጥራል፣ የተባለው ይጻፍለታል፣ አንድ የቤተሰብ ሰውም አብሮ ይገባል። እንደ ሰርትራሊን ያለ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒትም ሊታዘዝ ይችላል። እንቅልፍ ያምጣለት ብላችሁ ዳያዜፓም በራሳችሁ አትስጡት፤ የፈዘዘውን ያፈዝዛል። አልኮልም ይቅርበት፣ ጠላውም ጭምር።